ያገለገለች እናት

ኮምፒውተራችን የሞተው አባዬ እናቴ ላይ በጮኸባት ቅጽበት ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ስክሪኑ ውስጥ ነበረች፤ ናፖሊ ከሚገኝ አንድ ኢንተርኔት ቤት፣ ጆሮዋ ላይ ትልቅ ማዳመጫ አድርጋ። ከኋላዋ እንደ እሷ ከኛ አገር ሄደው የጣሊያን ሽማግሌና አሮጊት የሚጦሩ ሴቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ የምንገናኘው እንዲህ ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ወሬዬን ዘርግፌ ስጨርስ አባዬ ወንበሩን ይረከበኛል፤ እኔም ወደ ወጥ ቤት እሄዳለሁ። የወጥ ቤታችን በር ግን ድሮም ገጥሞ አይዘጋም።

«ሌላ ሁለት ዓመት?» አለ አባዬ። ከዚያ እናቴ የተናገረችው ያልተሰማኝ ነገር። ከዚያ የአባዬ ድምፅ ግድግዳውን ሲመታው ተሰማኝ። «እንግዲያው እዚያው ቅሪ!»

በሩን ገፍቼ ስወጣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል። አባዬ የኮምፒውተሩን ሳጥን ቁልፍ ይጫናል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይጫናል። «ኦሪሲያ?» ይላል ለጥቁሩ መስታወት። «ኦሪሲያ፣ ትሰሚኛለሽ?»

እኔ የመሰለኝ ኮምፒውተሩ የታዘዘውን የፈጸመ ነው። እዚያው ቅሪ ተባለች፤ እዚያው ቀረች። በቃ።

አባዬ ያን ምሽት በሞባይሉ ደጋግሞ ደወለላት። አላነሳችም። በማግስቱም አላነሳችም። እሷ በበኩሏ ጮኾባት ፊቷ ላይ የዘጋባት ነበር የመሰላት። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዜኒክ መጣ። ዜኒክ የአባዬ አብሮ አደግ ነው። ገበያው ውስጥ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚሸጥባትና የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። እሱ ራሱ ግን ሰፊ ነው፤ ደረጃችንን ሲወጣ ከታች ጀምሮ ይሰማል። ዘመዳችን ባይሆንም አጎቴ ነበር የምለው።

«ምን አደረግከው?» አለ፣ ሳጥኑን የወጥ ቤት ጠረጴዛችን ላይ እየጋደመ።

«ምንም። እያወራሁ ነበር።»

«እየጮህክ ነበር እንጂ። ጎረቤታችሁ ፓኒ ስቴፋ ደረጃው ላይ ይዛኝ ሁሉንም ነገረችኝ። ጆሮዋን ታማለች የምትሏት ሴትዮ እኮ ናት!»

አባዬ አልሳቀም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሞተር ሲበላሽ እንደሚያደርገው እጅጌውን ጠቅልሎ ቆሟል።

ዜኒክ መጀመሪያ የጠረጴዛ መብራቴን ከክፍሌ አስመጣና ኮምፒውተሩ የነበረበት ሶኬት ላይ ሰካው። በራ። «መብራት ኃይልን መስደብ ቀረብን» አለ። ገመዱን ቀየረ። ከቦርሳው ሌላ የኃይል ሳጥን አውጥቶ ገጠመ። ቁልፉን ሲጫን ውስጥ ያለችው ማራገቢያ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ቆመች።

«አየህ፣ ትንፋሽ ትወስድና ትተወዋለች» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ያሪንካ፣ ላጲስ አለሽ? ጥሩ ላጲስ?»

እንጆሪ እንጆሪ የሚሸተውን ላጲሴን ሰጠሁት። ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭን አረንጓዴ ሰሌዳ ነቅሎ፣ ጠርዙ ላይ የተደረደሩትን ወርቃማ ጥርሶች እንደ ተሳሳተ ሒሳብ ፈገፈጋቸው። «ይቺ ሜሞሪዋ ናት። አንዳንዴ ጥርሷን ስትቦረሽ ትነቃለች» አለኝ። መልሶ ሰካት። ተጫነ። ማራገቢያዋ ዞር ብላ ቆመች። አንድ ጢጥ የሚል ድምፅ እንኳ የለም።

ዜኒክ ባትሪውን አበራና ፊቱን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ዝም ሲል አይቼው አላውቅም ነበር። አባዬም ዝምታውን አልወደደውም መሰለኝ፣ «ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ» አለኝ።

ሄድኩ። ክፍሌ ገብቼ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«እናትየዋ ናት» አለ ዜኒክ። «አልቆላታል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ና እያት። እዚህ ጋ አብጣለች። እዚህ ጋ ደግሞ ውስጧ ፈስሷል። ስትታመም የቆየች ናት፣ አንተ አላየሃትም እንጂ።»

«አትድንም?»

«ድከም ካልከኝ እደክማለሁ። ግን ምን በወጣህ? ሌላ እናት ፈልግ።»

«በኔ ደመወዝ?»

«አዲስ ግዛ አላልኩህም እኮ። ያገለገለች። ሱቄ አንዲት አለችኝ፤ ቢሮ ስትሠራ የነበረች፣ ንጹሕ፣ ካሮጌዋ በዕድሜ ብዙ የምታንስ።»

«እስከ እሁድ ትደርሳለች?»

«እሁድ ጠዋት ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ።»

«አሮጌዋስ?»

«ለኔ ተዋት። ከሷ የሚወጣ ነገር አይጠፋም።»

ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ትናንት አባዬ እናቴን እዚያው ቅሪ አላት። ዛሬ ዜኒክ አልቆላታል አለው። እሁድ ሌላ ትመጣለች። ከዚህ ውስጥ ያልገባኝ አንድም ነገር አልነበረም።

እኛ አገር የኮምፒውተር ሰዎች ማዘርቦርዱን፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ፣ በአጭሩ እናት ይሉታል። እናቱ ተቃጠለች፣ እናቱን ቀይር፣ ርካሽ እናት አገኘሁልህ ይባባላሉ፤ ማንም አይስቅም። አሁን እኔም ሥራ ቦታ ሲሉት እሰማለሁ፣ እኔም እለዋለሁ። ያበጡት ደግሞ ሰሌዳው ላይ የቆሙ፣ ትንንሽ ቆርቆሮ የሚመስሉ ካፓሲተሮች ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ኮምፒውተር በነሱ ሞቷል። የኛዎቹ አናታቸው ተነፍቶ፣ አንዳንዱም ቡናማ ፈሳሽ አውጥቶ ሳይሰነብት አልቀረም። የአባዬ ጩኸት የለበትም። የአጋጣሚ ነገር ነው።

ያን ዕለት ያልሰማሁት ሌላም ወሬ ነበር። ኋላ ዜኒክ ነው የነገረኝ። ለምን ኢንተርኔት ቤት ሄደህ አታገኛትም ብሎት ነበር። አባዬም፣ «መግቢያ ቃሉን የሞላኸው አንተ ነህ፣ ምን ነበር?» አለው። «እኔ? የሞላሁልህ እኮ የልደት ቀን ድግስህ ላይ ነው፤ ሰክሬ ነበር!» መግቢያ ቃሉ ያለው እዚያ የሞተ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። እሁድ ዕለት እናቴ ልጇን ለማየት እዚያ ወንበር ላይ መቀመጧ አይቀርም፤ አባዬ ይህን ያውቃል። ያን ጊዜ የኛ ስም ጠፍቶ ካገኘችው ደግሞ ምን እንደምታስብ ያውቃል።

እኔ ግን ይህን አላወቅሁም። እኔ የማውቀው አባዬ ማክሰኞ ፀጉሩን መቆረጡን ነው። ረቡዕ ሰማያዊ ሸሚዝ ገዛ። ሐሙስ መጋረጃዎቹን አውርዶ አጠበ፤ መጋረጃ የሚታጠብ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። መስተዋት ፊት ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ የሆነ ንግግር ይለማመዳል። እኔን ሲያይ ሳል ያዘው።

አርብ ፓኒ ስቴፋ፣ ያቺ ጆሮዋን የምትታመመው ጎረቤታችን፣ ቫሬኒኪ የሚባለውን በድንች የሚሞላ የሊጥ ምግብ ልትጠቀልልን መጣች። እኔ ድንቹን በሹካ እደቁሳለሁ፣ እሷ በሊጡ ትሸፍነዋለች።

«ፓኒ ስቴፋ» አልኳት፤ ፓኒ እኛ ጋ ወይዘሮ ማለት ነው። «ሰው ሁለት እናት ይኖረዋል?»

«ይኖረዋል እንጂ የኔ ወፍ» አለች። እጇ ላይ ያለውን ዱቄት አራግፋ ጥግ ወደ ተሰቀለችው ሥዕል አማተበች። «አንደኛዋ የወለደችሽ፣ ሁለተኛዋ እመቤታችን።»

እመቤታችን ቢሮ ሠርታ ታውቃለች ወይ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ ወደ ገበያው ሄድኩ። ዜኒክ ሱቁ በር ላይ የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈለ ተቀምጧል።

«አጎቴ፣ ነገ የምታመጣት…» አልኩ።

«ኦሆ! አባትሽ ነገረሽ?»

«ጥሩ ናት?»

«ጥሩ ናት ወይ? አንደኛ ናት! ራሴ ሞክሬያታለሁ።»

«ትጮኻለች?»

«ድምፅ የሚባል የላትም። ቀኑን ሙሉ ብታሠሪያት እንኳ አይሰማሽም።»

«ልጆችስ ትወዳለች?»

ዜኒክ ጨዋታ የጠየቅሁት መሰለው። «ለልጅማ ከሷ የተሻለች የለችም። ካሮጌዋ ጋር ያቃተሽን ሁሉ ከሷ ጋር ትጫወቻለሽ።»

«ፎቶዎቻችንስ? የእማ ፎቶዎች?»

«አይዞሽ። እነሱን ማንም አይነካቸውም። ያው ቦታቸው ላይ ናቸው።» ከመዳፉ ግማሹን ፍሬ እጄ ላይ ገለበጠልኝ። «በያ ለአባትሽ ንገሪው፣ ነገ ጠዋት ቡና ያፍላ።»

እሁድ ጠዋት ስነሣ አንድ ነገር ወስኛለሁ። አዲሷ ሴት እንድትወደኝ አልፈልግም። ከቁም ሣጥኑ ሥር አሮጌውን ቢጫ ሹራቤን አውጥቼ በግድ ለበስኩት። እጅጌው ክርኔ ጋ ቀረ፤ ወገቤም ተገለጠ። ፀጉሬንም አላበጠርኩም። ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የሴት ጫማ ኮቴ መጠበቅ ጀመርኩ።

የመጣው የዜኒክ ኮቴ ብቻ ነው።

«የት አለች?» ሲል ሰማሁት አባዬን።

«ይችው። ቀስ! በጣትህ ጠርዟን ብቻ ያዝ።»

ከዚያ የብሎን መፍቻ ድምፅ፤ የቡና ስኒ፤ የአባዬ ከባድ ትንፋሽ።

«ገባች?»

«አትጫናት ሰውዬ! ራሷ ትቀመጣለች። … አዎ። ልክ ገጠመች። አሁን የድሮዋን ሜሞሪ ስጠኝ፣ ለሷ ይሆናታል።»

ሜሞሪ ምን እንደሆነች ላጲሴን ለዜኒክ በሰጠሁ ቀን አይቻለሁ፤ በእንግሊዝኛ ትምህርታችን ሲተረጎም ደግሞ ትዝታ ነው። የእናቴን ትዝታ ለሌላ ሴት እየሰጡ ነው። ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ቢሆንም በትራሱ ውስጥ አልፎ መጣ፤ አንድ አጭር፣ ጥርት ያለ ጢጥ። ወዲያው ሁለት ጎልማሳ ወንዶች እንደ ኳስ ተመልካች ጮኹ።

ሥራው ግን አላለቀም ነበር። ኮምፒውተሩ አዲሷን ሰሌዳ እስኪለምድ ሰማያዊ ገጽ እያወጣ ደጋግሞ ሞተ። ዜኒክ እየተሳደበ፣ እየለመነ፣ ሲዲ እያስገባ እያወጣ ምሳ ሰዓት አለፈ። አባዬ በየመሐሉ ሰዓቱን ያያል። ምሳ ብዪ ብሎ ሊጠራኝ መጣ፤ ሹራቡን አየ። ሐሳቡ እኔ ጋ አልነበረም።

የምንገናኝበት ሰዓት ሲደርስ ከክፍሌ ወጣሁ። ቤቱን በዓይኔ ፈተሽኩ፤ ሴት የለችም። አዲሱን ሸሚዝ የለበሰው አባዬ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብሏል። ዜኒክ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሳጥኑ ጎን ክፍት ነው፣ ማራገቢያዋ ትዞራለች። ስክሪኑ ላይ የእናቴ ስም አለ፤ ግን ግራጫ ነው፤ ግራጫ ማለት እሷ እዚያ የለችም ማለት ነው። ሦስታችንም ያን ግራጫ ስም አየነው።

ድንገት አረንጓዴ ሆነ።

አባዬ ተጫነ። የእናቴ ፊት መጣ። ዓይኗ አብጧል፤ አፏ ግን እንደ ተቆለፈ በር ነው።

«ያሪንካን ልያት ብዬ ነው የመጣሁት» አለች።

«ኦሪሲያ፣ እኔ እኮ አልዘጋሁብሽም፣ እኔ…» ሳምንቱን ሙሉ የተለማመደው ንግግር ጠፋበት።

ያች ሴት ከመምጣቷ በፊት ያለኝ ጊዜ ይህ ብቻ መሰለኝ። በአባዬ ክንድ ሥር ሾልኬ ማይኩን ያዝኩት።

«እማ፣ ቶሎ ነይ! አባዬ ሌላ እናት አምጥቷል!»

ከእናቴ ኋላ የቆመችው ወፍራም ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ማን ናት?» አለች እናቴ። እኔን ነው የጠየቀችኝ። ድምፅዋ እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም።

«ያገለገለች ናት። ቢሮ ነበር የምትሠራው። ካንቺ ታንሳለች፣ አትጮኽም። አጎቴ ዜኒክ ነው ያመጣት። ትዝታሽንም ሰጥተዋታል።»

«አሁን የት ናት?»

«እንጃ። ገብታለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አላየኋትም።»

ዜኒክ ቀድሞ ገባው። ግድግዳውን እንደተደገፈ በሳቅ ቁልቁል ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አባዬ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ ወረቀት ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን የተቃጠለች ሰሌዳ አንሥቶ ካሜራው ላይ ሊለጥፋት ደረሰ።

«ይችውልሽ! ኦሪሲያ፣ ይቺ ናት! እናትየዋ! ካፓሲተሯ አብጦ…»

«ሚሮን፣ ምንድን ነው የምታሳየኝ?»

«ማዘርቦርድ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ወፍራሟ ሴት ናት። ከዚያ ኢንተርኔት ቤቱ በሙሉ በሳቅ ተናጋ፤ ሴቶቹ እየተጠራሩ የኛን ስክሪን ሊያዩ ተጋፉ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ ታየኛለች።

«ያሪንካ፣ እስቲ ተነሺ። ወደኋላ ሂጂ። ትንሽ … ትንሽ ራቅ በይ።»

ሄጄ ምንጣፉ መሐል ቆምኩ።

«ያን ሹራብ እኔ ነኝ ስሄድ የገዛሁልሽ» አለች። «እጅጌው ረዝሞብሽ ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፍቼልሽ ነበር።»

እጄን ጀርባዬ ኋላ ደበቅሁ። ከዚያ እሷም ሳቀች፣ ግን ሳቋ ወዲያው ሌላ ነገር ሆነ፤ ማዳመጫውን አውልቃ ፊቷን ሸፈነች።

አባዬ ወንበሩን ተረከበኝ። ያን ቀን ወደ ወጥ ቤት ሂጂ አላለኝም። ዜኒክ ግን ራሱ ተነሥቶ ወጣ።

«ነይ» አለ አባዬ። «ገንዘቡ ይቅር። በየሳምንቱ ደህና ነን ስልሽ የኖርኩት ውሸቴን ነው። ደህና አይደለንም።»

እናቴ ማዳመጫውን መልሳ ስታደርግ ፀጉሯ ተዝረክርኳል። «ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳ ነይ አላልከኝም?»

«እየለፋሽ ያለሽው ለኛ ነው፤ ምን ብዬ ላስቁምሽ? አንቺስ መምጣት እፈልጋለሁ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ካልጠራኸኝ ምን ብዬ ልምጣ?»

ከዚያ በኋላ መተያየት ብቻ።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ እኔም ሥራ ይዤ፣ አንድ ቀን ያን እሁድ አነሣን። አባዬና ዜኒክ እንደ ልማዳቸው እየተቀባበሉ አወሩት፤ ሁላችንም ሳቅን። ሳህን ስናጥብ ግን እናቴ ለብቻዋ ነገረችኝ። በማግስቱ ሰኞ ከአሠሪዎቿ ጋር የሁለት ዓመቱን ውል ልትፈርም ተቀጣጥረው ነበር። «እናንተ ሳቁን ነው የምታስታውሱት» አለችኝ። «እኔ ከሳቁ በፊት ያለችውን ደቂቃ ነው። ሌላ ሴት ፀጉርሽን ስትጎነጉንልሽ አየኋት። ቁልጭ አድርጌ አየኋት፤ እጇን ሁሉ። ከዚያ በኋላ የምን ውል?»

የምትጦራቸው አሮጊት ሌላ ሰው እስኪያገኙ ድረስ ቆይታ፣ በፋሲካ ሰሞን መጣች። ከጣሊያን የሚመጣው ነጭ ሚኒባስ የሚቆመው አውቶቡስ ተራ ጥግ ላይ ነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። እናቴ የቷ እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከደረቷ በላይ ብቻ ነበር ያየኋት፤ አጭር መሆኗን ረስቼዋለሁ። ፊቷ ላይ የስክሪኑ ብርሃን የለም። ሽታዋም የማላውቀው ሳሙና ነው። አቀፈችኝ፤ እኔ ግን እጄን የት እንደማደርግ ጠፋኝ። አባዬ ሻንጣዎቹን በሙሉ ብቻውን ተሸክሞ፣ ማንም ሳያግዘው፣ እየሮጠ ማለት ይቻላል፣ ከፊታችን ሄደ።

ቤት እንደገባን ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች። ድስት ጣደች። አንዱን ቁም ሣጥን ከፈተች፣ ዘጋች። ሌላውን ከፈተች። ከዚያ እንደ እንግዳ መሐል ላይ ቆማ ቀረች።

«ያሪንካ» አለች። «ጨው የት ነው የምታስቀምጡት?»

አሳየኋት። ቀጥላ ማንኪያውን ጠየቀችኝ፤ ማንኪያውንም አሳየኋት። ፎጣውን፣ ክብሪቱን፣ እጀታው የሚያቃጥለው የትኛው መጥበሻ እንደሆነ፣ የቱን መሳቢያ ከፍ አድርጎ መሳብ እንደሚያስፈልግ፣ ሁሉንም አሳየኋት። በእያንዳንዱ «እሺ» ትለኛለች፣ እንደ ደህና ተማሪ።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የመደርደሪያዎቹ ዕቃ ሁሉ ቦታው ተቀያይሮ አገኘሁት። እንቁላል ጠብሼ ልበላ ብዬ ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ከዚያ እስከዚያ ቀን ድረስ በቤታችን ውስጥ ጮኼ የማላውቀውን ጮኽኩ።

«እማ! ጨዉን የት አደረግሽው?»